ሞፈር ቢሰቀልም አእምሮ አይሰቀልም፤ በእርጅና ዘመን ማሰብንና ማስታወስን ስለመጠበቅ

በገጠሩ የሀገራችን ክፍል የአረጋዊ ሰው ትውስታ የአንድ ሰው ሃብት ብቻ አይደለም። የእርሻ ድንበር የት ላይ እንደነበር፣ የትኛው ምንጭ በድርቅ ዘመን እንደነጠፈና የትኛው እንዳልነጠፈ፣ ሁለት ቤተሰብ በምን ተጣልቶ በምን ቃል እንደታረቀ፣ ዝናብ ሲዘገይ የትኛው የማሽላ ዘር እንደሚያዋጣ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ መዝገብ ሳይኾን ሽማግሌ ነው። ስለዚህ የአንድ አረጋዊ ማስታወስ ሲዳከም ጉዳቱ ከቤቱ አልፎ ለጎረቤቱ፣ ለእድሩና ለሽምግልናው ጭምር ይተርፋል።

ይሁን እንጂ ስለ አፈር ለምነት፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ማዳበሪያ የምንወያየውን ያህል ይህን ሁሉ ዕውቀት ስለተሸከመው አእምሮ ጤና አንወያይም። አንድ አባት የሚናገሩትን መድገም፣ አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን ስም መሳት ሲጀምሩ «አርጅተዋል፤ ጃጅተዋል» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ለመኾኑ መርሳት የእርጅና የማይቀር ዕዳ ነው? ካልኾነስ ምን ማድረግ ይቻላል?

መርሳት ሁሉ በሽታ አይደለም

ዕድሜ ሲገፋ አንጎል እንደ ሌላው የሰውነት ክፍል ይለወጣል። መረጃን የማቀናበር ፍጥነት ይቀንሳል፤ የሰው ስም ከምላስ ጫፍ ደርሶ አልመጣ ይላል፤ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ማከናወን ይከብዳል። የቃላት ዕውቀት፣ በልምድ የተገኘ ማስተዋልና ነገርን የመመዘን ችሎታ ግን በአብዛኛው ጸንተው ይቆያሉ፤ አንዳንዴም ይዳብራሉ። ሽማግሌ ለዳኝነት የሚመረጠውም ቶሎ ስለሚመልስ ሳይኾን ደኅና አድርጎ ስለሚያመዛዝን ነው።

በጤናማ እርጅናና በመርሳት በሽታ መካከል ያለው ልዩነት በዕለት ተዕለት ኑሮ ይታያል። ዱላን የት እንዳስቀመጡ መርሳት የተለመደ ነው፤ ለዓመታት ወደ ገበያ የተመላለሱበት መንገድ ሲጠፋ ግን ሌላ ነገር ነው። የሰው ስም ዘግይቶ ቢመጣ አያስደነግጥም፤ በአንድ የቡና ሥነ ሥርዓት ላይ ያንኑ ጥያቄ አምስት ጊዜ ጠይቆ መጠየቅን አለማስታወስ ግን ሊታሰብበት ይገባል። የብር ኖቶችን መለየትና መልስ መቁጠር ማቃት፣ ወጥ ጥዶ ፈጽሞ መርሳት፣ የለመዱትን የሥራ ቅደም ተከተል ማጣት፣ ጨዋ የነበረ ሰው ያለ ምክንያት ቁጡ ወይም ተጠራጣሪ መኾን የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ናቸው። የዕለት ኑሮን እስከማሰናከል የደረሰው የማሰብና የማስታወስ መዳከም በሕክምናው ዓለም ዲሜንሺያ ይባላል። በሽታ እንጂ የእርጅና ሌላ ስም አይደለም።

አንጎል ውስጥ ምን ይኾናል?

የአዋቂ ሰው አንጎል ወደ 1 ነጥብ 4 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይህም ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው፤ ነገር ግን ሰውነት በዕረፍት ላይ ሳለ ከሚጠቀመው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ብቻውን ይወስዳል። ይህን ኃይል የሚያደርሱለት የደም ሥሮች ናቸው። በመስኖ የሚለማ ማሳ ቦዩ ሲደፈን እንደሚጠወልግ ሁሉ የደም ሥሮቹ ሲጠብቡ ወይም ሲጎዱ የአንጎል ሕዋሳትም ይሞታሉ። በዚህ ምክንያት የሚመጣው የመርሳት ችግር ከዲሜንሺያ ዓይነቶች አንዱ ነው።

በብዛት የሚታየው ዓይነት ግን አልዛይመር ነው። ስያሜውን ያገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር ሲኾን እርሱም እ.አ.አ በ1906 ገና በ50ዎቹ ዕድሜዋ መጀመሪያ የማስታወስ ችሎታዋን ማጣት ስለጀመረች ሴት ለሙያ አጋሮቹ አቅርቧል። ከሞተች በኋላ አንጎሏን በማጉያ መነጽር ሲመረምር በሕዋሳቱ መካከል የተከማቸ፣ በሕዋሳቱ ውስጥም የተወሳሰበ ባዕድ ነገር አገኘ። ዛሬ እነዚህ ያለ ቦታቸው የተጠራቀሙ ፕሮቲኖች እንደኾኑ ይታወቃል። ክምችቱ የሚጀምረው ምልክቱ ከመታየቱ ከበርካታ ዓመታት በፊት ነው።

እንደ ዓለም የጤና ድርጅት መረጃ እ.አ.አ በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዲሜንሺያ ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ ከ60 በመቶ በላይ የሚኾኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገራት የሚኖሩ ናቸው። በየዓመቱም ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በአዲስ ይያዛሉ። ከአጠቃላዩ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚኾነው አልዛይመር ነው። እስካሁን ይህን በሽታ ፈጽሞ የሚፈውስ መድኃኒት አልተገኘም፤ ለዚህም ነው ትልቁ ተስፋ በመከላከልና በማዘግየት ላይ የተጣለው።

የአእምሮ ጎተራ

እ.አ.አ በ1986 በአሜሪካ አንድ ለየት ያለ ጥናት ተጀመረ። ተመራማሪው ዴቪድ ስኖውደን በአንድ የካቶሊክ ማኅበር ውስጥ የሚኖሩ 678 መነኮሳይያትን በጥናቱ አካተተ። መነኮሳይያቱ ተመሳሳይ ምግብ የሚመገቡ፣ ተመሳሳይ ኑሮ የሚኖሩ በመኾናቸው ለንጽጽር አመቺ ነበሩ። በየጊዜው የማስታወስ ፈተና ይወስዱ ነበር፤ ከሞቱም በኋላ አንጎላቸው እንዲመረመር ፈቃዳቸውን ሰጥተዋል።

ውጤቱ ተመራማሪዎችን ያስደነቀ ነበር። ከመነኮሳይያቱ አንዷ ከ100 ዓመት በላይ ኖረው እስከ መጨረሻው በፈተናዎቹ ጥሩ ውጤት ያስመዘግቡ ነበር፤ አንጎላቸው ሲመረመር ግን የአልዛይመር ምልክት የኾነው ክምችት በብዛት ተገኘበት። በሽታው አንጎላቸው ውስጥ ነበረ፤ ኑሯቸው ላይ ግን አልታየም። በወጣትነታቸው ሃሳብ የበዛበት ጽሑፍ የጻፉት መነኮሳይያትም በእርጅናቸው በዲሜንሺያ የመያዝ ዕድላቸው አነስተኛ ኾኖ ተገኝቷል።

ሳይንቲስቶች ይህን የአእምሮ ተጠባባቂ አቅም ይሉታል። ለአርሶ አደር ነገሩ እንግዳ አይደለም። ጎተራው የሞላ ቤተሰብ አንድ ዓመት ዝናብ ቢቀር ይቸገራል እንጂ አይራብም፤ ጎተራው ባዶ የኾነ ግን በመጀመሪያው ድርቅ ይጎዳል። መማር፣ ማንበብ፣ ከሰው ጋር መነጋገር፣ ጭንቅላትን የሚያሠራ ሥራ መሥራት ይህን ጎተራ ይሞላሉ። በልጅነት የሚገኝ ትምህርት መሠረቱን ይጥላል፤ በጎልማሳነትና በእርጅና የሚጨመረውም አይባክንም።

በእጃችን ያሉ 14 ጉዳዮች

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ኮሚሽን እ.አ.አ በ2024 ባወጣው ሪፖርት በሰው ጥረት ሊለወጡ የሚችሉ 14 አጋላጭ ምክንያቶችን ዘርዝሯል። እነርሱም ዝቅተኛ የትምህርት ደረጃ፣ የመስማት ችግር፣ የደም ግፊት፣ ከፍተኛ ኮሌስትሮል፣ የስኳር ሕመም፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ ሲጋራ ማጨስ፣ አልኮል ማብዛት፣ የአካል እንቅስቃሴ ማነስ፣ ድባቴ፣ ብቸኝነት፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ የአየር ብክለትና ያልታከመ የዕይታ ችግር ናቸው። ኮሚሽኑ እንዳስቀመጠው እነዚህን ሁሉ ማስወገድ ቢቻል በዓለም ላይ ካለው ዲሜንሺያ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል። ቀሪው ከዕድሜ፣ ከዘርና ገና ካልታወቁ ምክንያቶች ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ሁሉን አሟልቶ ቢታመም ጥፋተኛ አይደለም።

ከዝርዝሩ ውስጥ በገጠሩ ኑሮ ጎልተው የሚታዩትን እንመልከት።

የደም ግፊት፦ ግፊት ሳያሳምም ለዓመታት የአንጎልን የደም ሥሮች ይጎዳል። ራስ ምታት ካልተሰማ ግፊት የለም ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። መኖሩ የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው። በተለይ ከጎልማሳነት ዕድሜ ጀምሮ መለካት ኋላ ለሚመጣው ዘመን ይጠቅማል። የዓለም የጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው እንዲጠቀም ይመክራል። መድኃኒት የታዘዘለት ሰውም «ተሽሎኛል» ብሎ በራሱ ማቋረጥ የለበትም።

ጆሮና ዓይን፦ የማይሰማ ሰው ከጨዋታ ይርቃል፤ ከጨዋታ የራቀ አእምሮም ሥራ ይፈታል። በጆሮ ውስጥ የተጠራቀመ ኩክ እንኳን መስማትን ሊቀንስ ይችላል፤ ይህ ደግሞ በጤና ተቋም በቀላሉ የሚወገድ ነው። ዓይንን በተመለከተ የአማራ ክልል በዓለም ላይ በትራኮማ ክፉኛ ከተጎዱ አካባቢዎች አንዱ ነው። ወደ ውስጥ የታጠፈ የዓይን ሽፋሽፍትም ኾነ የዓይን ሞራ ግርዶሽ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። ብርሃናቸው የተመለሰላቸው አረጋዊ የሚያገኙት ዓይናቸውን ብቻ ሳይኾን መንገዱን፣ ንባቡንና የሰውን ፊት ጭምር ነው።

ጭስ፦ የአየር ብክለት ሲባል የከተማ መኪና ብቻ መታሰብ የለበትም። መስኮት በሌለው ማዕድ ቤት በእርጥብ እንጨትና በኩበት የሚነድ እሳት ዕድሜ ልኩን የሚጎዳው ይበልጡን እናቶችን ነው። ጭስ ማውጫ ማበጀት፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ መጠቀም፣ የደረቀ እንጨት ማንደድ ለሳንባም ለአንጎልም ይበጃል።

አልኮልና የጭንቅላት ጉዳት፦ አረቄ ማዘውተር የአንጎልን ሕዋሳት በቀጥታ ከመጉዳቱ ባሻገር ለመውደቅና ለጠብ ይዳርጋል። በሞተር ሳይክል ሲጓዙ የራስ ቆብ ማድረግ፣ ለአረጋውያን የቤትን ደጃፍ ከሚያንሸራትትና ከሚያደናቅፍ ነገር ማጽዳት ቀላል ነገር ግን ጠቃሚ ጥንቃቄዎች ናቸው።

አእምሮን የሚያሠራ ምን አለን?

አእምሮን ለማሠራት የግድ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አባቶቻችን በገበጣ ሲጫወቱ ጠጠር ይቆጥራሉ፤ የተጋጣሚን ቀጣይ እርምጃ ይገምታሉ፤ የራሳቸውን ያቅዳሉ። እንቆቅልሽ ነገርን በምሳሌ መፈለግን ያስተምራል። ባሕረ ሐሳብን የሚያውቁ አባቶች አጽዋማትንና በዓላትን በቃላቸው ያሰላሉ። በአብነት ትምህርት ቤት ቅኔ መቁጠር፣ በመድረሳ ቁርዓንን በቃል መያዝ ለማስታወስ ከባድ ሥራዎች ናቸው። ጥልፍ፣ ስፌትና ሽመናም ቁጥርና ንድፍ በጭንቅላት መያዝን ይጠይቃሉ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ሊጤን የሚገባው ነጥብ አለ። አንድን ጨዋታ ደጋግሞ መጫወት በዚያ ጨዋታ ያበረታል፤ ብርታቱ ወደ ሌላው የኑሮ ክፍል የሚሻገረው ግን በመጠኑ ነው። በየዓመቱ አንድ ዓይነት ሰብል ብቻ የሚዘራበት ማሳ እንደሚዳከም ሁሉ አእምሮም ማፈራረቅን ይወዳል። ገበጣን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው አዲስ ነገር ቢጨምርበት ይበልጥ ይጠቀማል። ዳዊት የሚደግሙ እናት ለልጅ ልጃቸው ተረት ቢነግሩ፣ ሬዲዮ የሚያደምጡ አባት የሰሙትን ለጎረቤት መልሰው ቢተርኩ፣ ቁጥር የማያነቡ ሰው የእጅ ስልክ መደወልን ቢለማመዱ አእምሮ አዲስ መንገድ ይቀይሳል።

ለመማርም ዕድሜ አያግድም። በ1971 ዓ.ም በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ጎልማሶች ፊደል ቆጥረዋል። በዚያ ዘመን በጎልማሳነታቸው የተማሩና ዛሬ በሕይወት ያሉት በእርጅና ዕድሜ ላይ ናቸው። ፊደሉን የረሱ ካሉ የልጅ ልጆቻቸው መጽሐፍ እጃቸው ላይ አለ። አያት ፊደል ሲያስታውሱ፣ ልጅ ደግሞ ማንበብ ሲለማመድ ሁለቱም ያተርፋሉ።

ሞፈሩ ሲሰቀል

የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። አርሶ አደር ግን የጡረታ ቀን የለውም፤ ጉልበቱ ሲደክም ሞፈርና ቀንበሩን ለልጁ ያስረክባል ወይም መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። በዚያ ቀን ከእጁ የሚወጣው እርሻ ብቻ አይደለም። መቼ ይታረስ፣ የትኛው ማሳ ምን ይዘራበት፣ ዝናቡ ይቆያል ወይስ ይቋረጣል፣ በሬው ይሸጥ ወይስ ይክረም የሚለው የየዕለት ውሳኔም አብሮ ይወጣል። ይህ ሁሉ ለዓመታት አእምሮን ሲያሠራ የኖረ ልምምድ ነበር። ከእርሻ ወደ ደጃፍ፣ ከደጃፍ ወደ መደብ የወረደ ኑሮ አካልንም አእምሮንም በአንድ ጊዜ ሥራ ያስፈታል።

መፍትሔው አረጋዊውን ወደ ከባድ ሥራ መመለስ አይደለም። ጉልበት የሚጠይቀውን ለወጣቱ፣ ምክርና ምርጫ የሚጠይቀውን ለአረጋዊው መተው ይቻላል። ዘር መምረጥ፣ የንብ ቀፎ መከታተል፣ የጓሮ አትክልት መንከባከብ፣ ዶሮ ማርባት፣ ጥጥ መፍተል ሁሉም ቀለል ያለ እንቅስቃሴና ማሰብን አጣምረው የያዙ ናቸው። የግብርና ባለሙያዎችም አርሶ አደሮችን ሲያሠለጥኑ ሽማግሌዎችን ከፊት አስቀምጠው ስለ ነባር ዘሮችና ስለ አካባቢው የአየር ጠባይ ቢጠይቁ ለሥራቸውም ለአረጋውያኑም ይጠቅማል።

የዓለም የጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ የኾኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ፣ ወደ ገበያና ወደ ለቅሶ ቤት በእግር መሄድ ከዚህ ይቆጠራል።

በፊንላንድ የተካሄደና ውጤቱ እ.አ.አ በ2015 የታተመ ጥናት የእነዚህን ነገሮች ድምር ውጤት አሳይቷል። ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 77 የኾኑ 1 ሺህ 260 ለችግሩ ተጋላጭ የኾኑ ሰዎች በሁለት ተከፍለው ለሁለት ዓመት ክትትል ተደረገላቸው። አንደኛው ወገን የተስተካከለ አመጋገብ፣ የአካል እንቅስቃሴ፣ የአእምሮ ልምምድና የደም ግፊትን የመሳሰሉ ችግሮች ክትትልን በአንድነት አገኘ፤ ሌላው የተለመደውን የጤና ምክር ብቻ ተቀበለ። በማጠቃለያው የማሰብ ፈተና የመጀመሪያው ወገን የተሻለ ውጤት አስመዝግቧል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ አንዱን ነጥሎ ከመያዝ ሁሉንም በልክ ማጣመር ይበጃል።

ብቸኝነትም ሊዘነጋ አይገባም። ልጆች ወደ ከተማና ወደ ዓረብ ሀገራት በሄዱበት ቤት የሚቀሩት ብዙ ጊዜ አረጋውያን ናቸው። ከሩቅ የሚደውል ልጅ «ደኅና ነዎት ወይ?» ብቻ ብሎ ከሚዘጋ «ዘንድሮ በታችኛው ማሳ ምን ተዘራ? የእነ እገሌ ሠርግ እንዴት ነበር?» ብሎ ቢያስተርክ ስልኩ ከናፍቆት ማስታገሻነት አልፎ የአእምሮ ልምምድ ይኾናል። እድር፣ ማኅበር፣ ሰንበቴና የቡና ጉርብትናም ለዚህ ዓይነተኛ ናቸው፤ አረጋውያንን «አይደክሙ» እያልን ከእነዚህ ማስቀረት ማዘን ቢመስልም ጉዳቱ ያመዝናል።

ወደ ጤና ተቋም መቼ?

የመርሳት ምልክት ሁሉ አልዛይመር አይደለም፤ ሊታከም የሚችልም አለ። የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ ድባቴ፣ ተደራርበው የሚወሰዱ መድኃኒቶች የማስታወስ ችሎታን ሊያዳክሙ ይችላሉ። ቫይታሚን ቢ 12 በተፈጥሮ የሚገኘው እንደ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት ካሉ የእንስሳት ውጤቶች በመኾኑ እነዚህን ለረጅም ጊዜ የማያገኙ አረጋውያን ሊመረመሩ ይገባል።

በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ መቃዠትና መዘባረቅ ደግሞ አስቸኳይ ነው። የሳንባ ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የውኃ እጥረት፣ የስኳር መጠን መዛባት በአረጋውያን ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው በዚህ መልክ ነው። የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅና እግር መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር ከታየ የስትሮክ ምልክት ሊኾን ስለሚችል ሰዓት ሳይባክን ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል።

ጸበልም ኾነ ዱዓ ለታማሚውና ለቤተሰቡ ጽናት ይሰጣል፤ ከሕክምና ጋር አብሮ ሊሄድም ይችላል። የተጀመረን የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ማቋረጥ ግን ሕመሙን ያባብሳል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ማማከር፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዞ መቅረብ፣ ምልክቱ መቼና እንዴት እንደጀመረ የሚያስረዳ የቤተሰብ አባል አብሮ መሄድ ለምርመራው ያግዛል። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለው ለዚህም ይሠራል።

የቤተሰብ ድርሻ

ከመርሳት በሽታ ጋር የሚኖር ሰው ውሸታም ወይም ልጅ አይደለም። «አሁን ነገርኩዎት እኮ!» ብሎ መቆጣት ፍርሃቱን ይጨምራል እንጂ ትውስታውን አይመልስም። አጭር አረፍተ ነገር፣ ለስለስ ያለ ድምፅ፣ ያልተለወጠ የቀን ሥርዓትና የታወቀ የዕቃ ቦታ ይረዳሉ። ክብሩ ሳይጓደል በሚችለው ሥራ ማሳተፍም እንዲሁ። የአስታማሚዋ ድካምም ሊታሰብ ይገባል፤ ሸክሙ በአንዲት ልጅ ወይም ምራት ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም።

የመሬት ጉዳይም አለ። ማስታወሳቸው የተዳከመ አረጋውያን በኪራይ፣ በስጦታና በኑዛዜ ስም ለሚመጣ ማታለል የተጋለጡ ናቸው። አንድ ሰው አእምሮው ሳይደክም ፈቃዱን በግልጽ፣ በምስክሮች ፊትና በሚመለከተው አካል ዘንድ ቢያስመዘግብ ኋላ ወንድምን ከወንድም የሚያጋጭ ክርክር ይቀራል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አረጋውያንን መጠየቅ ይገባል። ስለ ድንበሩ፣ ስለ ምንጩ፣ ስለ ዘሩና ስለ ዕርቁ የሚጠየቁ አዛውንት ሲመልሱ ትውስታቸውን ያሠራሉ፤ የሚጠይቀው ወጣትም በየትኛውም መዝገብ የማያገኘውን ይወርሳል። የሚሰጡት መልስ በደብተር ቢጻፍ ወይም በስልክ ቢቀረጽ ለአካባቢው የሚተርፍ ቅርስ ይኾናል። ይህን ለመጀመር በጀት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ጊዜ ሰጥቶ አጠገባቸው መቀመጥ በቂ ነው።